የዝቬዝዳን ድርሻ

ጎረቤቱ ቦሲልካ ሳትጮኽ ገብታ አታውቅም። ከአጥሩ ማዶ ጀምራ «አያ ሚላዲን! አለህ ወይስ በርሜልህ ውስጥ ተቀበርክ?» እያለች ነበር የምትመጣው። የዚያን ዕለት ግን የሥራ ቤቱን በር ከፍታ ዝም ብላ ቆመች። ሻሿን ከራሷ አውርዳ በእጇ ጨብጣዋለች። ሚላዲን የበርሜል ጣውላ እየላገ ነበር። መላጊያውን አላስቀመጠም።

«ማነው?» አለ።

«ምራትህ ሚርያና ከቪየና ደውላ ነበር። ያንተ ስልክ አልነሣ ብሏት...»

«ማነው አልኩሽ?»

«ዝቬዝዳን ነው፣ አያ። ዛሬ ጠዋት ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ።»

ሚላዲን የያዘውን ጣውላ እስከ ጫፉ ድረስ ልጎ ጨረሰው። ቦሲልካ ኋላ ላይ ይህን ለመንደሩ ሁሉ አወራች፣ ሰውም የድንጋይ ልብ አለው አለ። እሱ ግን እጁን ቢያቆም ምን እንደሚሠራበት ስላላወቀ ነው። መላጊያውን ሲያስቀምጥ ያወጣት የመጀመሪያ ቃል «ዳቦው» የምትል ነበረች። ቦሲልካ አልጠየቀችውም። የትኛው ዳቦ እንደሆነ ታውቃለች።

በቲሞክ ወንዝ ዳር ባሉት መንደሮች እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቅዱስ አለው፤ ዝክሩም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይወርዳል። የሚላዲን ቤት ቅዱስ ኒኮላስን ይዘክራል፣ በገና ጾም፣ በረዶ በሚጥልበት ወቅት። በዚያ ቀን ዓሣ ይቀርባል፣ በስኳር የታሸ የስንዴ ንፍሮ ይቀርባል፣ ረጅሙ የሰም ሻማ ይበራል። አባወራው ቀኑን ሙሉ አይቀመጥም፤ ቆሞ እንግዳ ያስተናግዳል። ቄሱና አባወራው የዝክሩን ዳቦ አብረው ይዘው ያዞሩታል፣ በመስቀል ቅርጽ ይቆርሱታል፣ ወይን ያፈሱበታል። ልጅ ወጥቶ የራሱን ጎጆ ሲቀልስ አባትየው ከዚያ ዳቦ ሩቡን አንሥቶ በእጁ ያኖርለታል። ከዚያ በኋላ ልጁ በራሱ ቤት የራሱን ሻማ ያበራል። እስከዚያ ድረስ ጢሙ ቢሸብትም፣ ልጅ ወልዶ ቢድርም፣ በዚያ ቀን የአባቱ ቤት ልጅ ነው፤ የራሱ ሻማ የለውም።

ሚላዲን ከሦስት ወንድማማቾች ታናሹ ነበር። አባቱ ለሁለቱ ታላላቆች ሩብ ሩባቸውን በአንድ ዓመት ሰጣቸው። አንዱ ወደ ማዕድን ማውጫው፣ ሌላው ወደ ዋና ከተማው ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት በየቤታቸው ሻማቸውን አበሩ፣ ወደ አባታቸው ማዕድም አልመጡም። ሠላሳ ሰው ይቀመጥበት የነበረው ጠረጴዛ ለአሥራ ሁለት ሰው ሰፋ። እናቱ ሁለት ማንኪያ ለብቻ አስቀምጣ ትጠብቅ ነበር፤ ስትሞትም ማንኪያዎቹ እዚያው ነበሩ። የአሥራ አራት ዓመቱ ሚላዲን ይህን አየ። የተረዳውም በራሱ መንገድ ነው፤ ሰጥተህ ከሸኘኸው ይቀራል፣ ካልሰጠኸው ይመጣል።

አንድ ልጅ ብቻ ወለደ። ዝቬዝዳን ገና በሃያ ሁለት ዓመቱ ወደ ቪየና ሄዶ ግድግዳ ለሳኝ ሆነ፣ ሚርያናን አገባ፣ ቴዎዶራን ወለደ። ለሃያ ዓመታት በየታኅሣሡ መኪናውን እየነዳ መጣ። ሁልጊዜ ዳቦው ሲቆረስ አባቱን አየት አድርጎ «ዘንድሮስ፣ አባዬ?» ይለዋል። ሚላዲንም «ቆይ እንጂ፣ ሞትኩ እንዴ?» ይላል። ሰው ይስቃል፣ ዝቬዝዳንም ይስቃል። እናቱ ስታና ግን አትስቅም ነበር።

ቄሱ አንድ ጊዜ ነግረውት ነበር። «ሚላዲን፣ ይህ ሥርዓት የተሠራው ቤት እንዲባዛ ነው፤ ልጅ ለማሰር አይደለም።»

«አባ፣ በዚህ መንደር ስድሳ ሁለት ቤት ነበር» አላቸው። «ሁሉም ሰጡ። እስቲ የተባዛውን ያሳዩኝ።»

መንደሩ ውስጥ ጭስ የሚወጣባቸው ቤቶች አሥራ አንድ ነበሩ። የሚታመም ሰው ሲኖር የሚያነሣው፣ የሚሞት ሲኖር የሚያጥበው፣ ሁለት ሰው ሲጣላ የሚያስታርቀው ድሮ ዘመድ ነበር። አሁን ይህን ሁሉ ቦሲልካ ብቻዋን ትሠራለች።

በሃያ አንደኛው ዓመት ዝቬዝዳን አልመጣም። የዝክሩ ዋዜማ ረፋድ ላይ ደወለ።

«አባዬ፣ ቴዎዶራ ኦፕራሲዮን ሆና ሆስፒታል ተኝታለች። ትቻት አልመጣም።»

«ዝክር ነው።»

«ዝክር መሆኑን አውቃለሁ። ለዚሁ ነው የደወልኩት። አንድ ቃል ብቻ በለኝ። አብራ በለኝና እዚሁ ላብራ።»

«ዝክር በስልክ ይሰጣል እንዴ? መብራት ኃይል መሰልኩህ?»

«በሃያ ዓመት በእጅህስ መቼ ሰጠኸኝ?»

«ስትመለስ ትወስዳለህ።»

«ወዴት ነው የምመለሰው አባዬ? በመስኮት ብቅ በልና ጭሱን ቁጠረው እስቲ!»

ስታና ከምድጃው ዞር ብላ «ስጠው አንተ ሰውዬ! ልጅህ እኮ ነው የሚለምንህ!» አለች። ሚላዲን ስልኩን ዘጋው። መልሶ ይደውላል፣ ለሚቀጥለው ዝክር ይመጣል ብሎ ነበር። ዝቬዝዳን ግን ለሚቀጥለውም አልመጣም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣም። ስታና ስትሞት መጣና ከአባቱ ጎን ቆሞ አፈር አለበሳት። ስለ ዳቦው ሁለቱም አላነሡም። በማግስቱ ሄደ።

ሰባት ዝክር እንዲህ አለፈ። ከዚያ ቦሲልካ ሳትጮኽ ገባች።

አስከሬኑ መጥቶ ከእናቱ ጎን ተቀበረ። አርባው ከቅዱስ ኒኮላስ ሁለት ቀን ቀድሞ ስለዋለ ሚርያናና ቴዎዶራ ለሁለቱም ብለው መጡ። ከመቃብር ሲመለሱ ቴዎዶራ ከሻንጣዋ አንድ የጫማ ካርቶን አውጥታ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ሃያ ዓመት ሆኗታል፤ የአባቷን ቋንቋ እየተደናቀፈች ነው የምትናገረው።

«ይህ የአባዬ ነው» አለች።

በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሰባት ረጃጅም የሰም ሻማዎች ነበሩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሚላዲን።

«በየዓመቱ ይገዛል። ነጭ ጨርቅ ያነጥፋል፣ እማዬ ዳቦ ትጋግራለች፣ ዓሣ፣ ንፍሮ፣ ሁሉም አለ። ከሥራው ሰዎች ይመጣሉ። እሱ አይቀመጥም፤ ይቆማል። ሻማውን መሃል ያደርገዋል። ግን አያበራውም።»

«አያበራውም?»

«አንድ ጊዜ እኔ ክብሪት አመጣሁ። እጄን ያዘኝ። ‘ገና የእኛ አይደለም፤ አያትሽ ሲሰጠን እናበራለን’ አለኝ።»

ቢያበራው ማንም አያየውም ነበር። በቪየና አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ይጠይቀዋል? የሚላዲን ልጅ ስለሆነ ብቻ አላበራም። ሽማግሌው ሻማዎቹን አንድ በአንድ አንሥቶ ክራቸውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ሰባቱም እሳት ያልነካቸው ነጭ ክሮች ነበሩ። መልሶ በጋዜጣው ጠቀለላቸው፤ ጥቅልሉ አልስተካከል ስላለው ሚርያና ተቀብላ አስተካከለችለት።

በዝክሩ ቀን ማዕዱ ላይ ቄሱ፣ ቦሲልካ፣ ሚርያናና ቴዎዶራ ብቻ ነበሩ። ሚላዲን ቆሞ ዋለ። «ተቀመጥ አያ፣ ቅዱሱም አይቆጣህም፣ አራት ሰው ነን» ብትለውም ቦሲልካ፣ እሱ እየዞረ ወይን ይቀዳ ነበር። ዳቦው ዞረ፣ ተቆረሰ፣ ወይን ፈሰሰበት። ሚላዲን ሩቡን አነሣና ወደ ልጅቷ ዘረጋ።

«አባ፣ ለሴት ይሆናል?» አለ ወደ ቄሱ ሳይዞር።

«እኔ አልከለክልም» አሉ ቄሱ።

ቴዎዶራ ዳቦውን አየችው። እጇን አላነሣችም።

«አባባ፣ ይህ የአባዬ ነበር።»

«አሁን ያንቺ ነው።»

«ከሃያ ዓመት በላይ ለመነህ። በስልክ እንኳን ለምኖሃል፤ እኔ ሆስፒታል ሆኜ ሰምቻለሁ። እሱ ለምኖ ያጣውን እኔ ሳልለምን ልውሰድ? ወስጄስ ለማን ላብራ? ይህን ቤት አምስት ጊዜ ነው ያየሁት።»

«ውሰጂ ልጄ» አለች ቦሲልካ እያለቀሰች። «ለሽማግሌው ስትዪ።»

«ለእሱ ብዬ መውሰድ አልችልም» አለች ቴዎዶራ። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋን እንኳን ከፍ አላደረገችም። ሚርያና ወለሉን እያየች ነበር። የሚላዲን እጅ እንደተዘረጋ ቆየ፣ ወይኑ ከዳቦው በክርኑ በኩል እየተንጠባጠበ። ኋላ ቄሱ ዳቦውን ቀስ ብለው ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች ሄዱ። ቴዎዶራ ስትሰናበት አቅፋዋለች፣ ሻማዎቹን ግን አልወሰደችም።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፏል። ሚላዲን ሰማንያ ሦስት ሞልቶታል፤ በርሜል መሥራት ትቷል። ቴዎዶራ በፋሲካ ትደውላለች፣ ጤናውን ትጠይቀዋለች፣ ስለ ዝክሩ አያነሡም። በታኅሣሥ ቄሱ ይመጣሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል። ሚላዲን ሩቡን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ እስኪደርቅ ድረስ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ሰብሮ ለወፍ ይበትነዋል።

«መቃብሩ ላይ አስቀምጥለት፣ ይውጣልህ» አለችው ቦሲልካ አንድ ቀን።

«ለቤት ነው የሚሰጠው» አላት። «እሱ አሁን ቤት የለውም።»

ሰባቱ ሻማዎች ከቅዱሱ ሥዕል ሥር ከነካርቶናቸው ተቀምጠዋል። ማንም አላበራቸውም። የዝቬዝዳን ሩብ አልተሰጠም፤ የሚቀበለውም ሰው አልተገኘም።