የእኔ ሲዲ፣ የደምሴ አየር

ባለፈው ወር ባቱ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት አሳ ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ የተጠበሰ ቆሮሶ እየበላሁ ሳለ፣ ቅንድቡን ለሁለት የሚከፍል ጠባሳ ያለበት ሰው ከፊት ለፊቴ ካለው ጠረጴዛ ተቀመጠ። ደምሴ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። ከሃያ ዓመት በኋላም ያን ጠባሳ ሳይ ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አዳማ፣ ግቢያችን ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ክንፍ የሌለው ተርባይን ልሠራ እታገል ነበር። ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። ለስላሳ ሰሃኖች ቀጭን ክፍተት እየተተወላቸው አንድ ዘንግ ላይ ይደረደራሉ፤ አየሩ ከጎን ገብቶ እየታከካቸው ያሽከረክራቸውና በመሃል በኩል ይወጣል። መጀመሪያ ሰሃኖቹን ከላሜራ ቆረጥኩ፤ ተንቀጠቀጠ። በዘይት ቆርቆሮ ሞከርኩ፤ ተጣመመ። በጋው ገብቶ፣ ነፋሱ አቧራውን በር ሥር እያስገባ ሳል በሳል ሲያደርገኝ ከረመ። በመጨረሻ ፊልም ማከራያ ቤቱ የጣላቸውን የተጫጫሩ ሲዲዎች ለቅሜ፣ በመሃል ቀዳዳቸው ዙሪያ የአየር መውጫ በስቼ፣ በየመካከላቸው ሮንዴላ እያስገባሁ እናቴ በጣለችው የአልሙኒየም ድስት ውስጥ ገጠምኳቸው። ዞረ። ብቻዬን ጨፈርኩ።

አየሩ የደምሴ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታ ነበረው፤ በዕድሜ ዐሥር ዓመት ይበልጠኛል። ኮምፕሬሰሩን እንደ ልብህ ብሎ ስለሰጠኝ እንደ ታላቅ ወንድም አየው ነበር። አንድ ቀን አየሩን ሳበዛው ሁለት ሲዲ ፈነዳና ስብርባሪው ድስቱን ከውስጥ ሸረከተው። ደግነቱ ክዳኑ ተገጥሞ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ ከዚህ ማለፍ የለበትም ብዬ የኮምፕሬሰሩ መለኪያ መስታወት ላይ በእህቴ የጥፍር ቀለም ቀይ መስመር አሰመርኩ።

በዚያው ሰሞን ቀበሌው የፈጠራ ሥራ ትርኢት አዘጋጀ። አንደኛ ለወጣ የመሥሪያ ሼድ ይሰጠዋል ተባለ። አሥረኛ ክፍል ነጥብ አልመጣልኝምና ያ ሼድ ለእኔ ሕይወቴ ነበር። ደምሴ ንግድ ፈቃድ ስላለኝ እኔ ላስመዝግብልህ አለ፤ አመሰገንኩት። በትርኢቱ ቀን ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን «ፈጣሪ፦ ደምሴ» ይላል።

«ጋሽ ደምሴ፣ የእኔ ስም የታለ?» አልኩት።

«ያለ እኔ አየር ያንተ ሲዲ የህንድ ፊልም ነው» አለኝና ኮምፕሬሰሩን እንድወለውል ጨርቅ ወረወረልኝ።

ሲዲዎቹ ሲያብረቀርቁ ሕዝቡ እንዲያይ ብሎ የድስቱን ክዳን አንሥቶታል። አይቻለሁ፤ መልሰህ ግጠመው አላልኩትም። ደሜ ፈልቷል። ኮምፕሬሰሩን ወለወልኩ፤ ቀዩንም መስመር በጥፍሬ ፍቄ አጠፋሁት።

ቀና ስል እናቴ ከጎረቤታችን ከአዴ ጫልቱ ጋር ከፊት ተቀምጣለች። ልጄ የሠራውን ኑና እዩልኝ ብላ ነው ይዛቸው የመጣችው። ፀሐይ ይመታሻል ብዬ አስነሣኋትና ወንበሯን ተሸክሜ ከኋላ ዛፍ ሥር አስቀመጥኳት።

«ከዚህ እኮ አይታየኝም» አለች።

«ይሰማሻል» አልኳት።

ደምሴ አየሩን ከፈተ። ድምፁ ከፍ ሲል ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ፈገግ አለ፤ ጨመረ፤ ደግሞ ጨመረ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፈነዳ። አንዱ ስባሪ የደምሴን ቅንድብ ሰነጠቀው። ሌላው አዴ ጫልቱን ጉንጫቸው ላይ፣ ከዓይናቸው አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ቆረጣቸው። ሼዱን ሳሙና የሚሠሩ ሴቶች ወሰዱት። ደምሴ የሰው መሳቂያ ሆኖ ጎሚስታውን ዘግቶ ከከተማው ወጣ፤ እኔም ለብዙ ጊዜ ያን እያሰብኩ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ባቱ ላይ ቀድሞ ያናገረኝ እሱ ነው። «አካም ጅርታ?» ብሎ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። እንዲያመው ፈልጌ መስመሩን ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ነገርኩት። ሳቀ።

«የቱን መስመር? ጎማ በዱላ መትቼ በጆሮዬ ነው የምለየው፤ መለኪያ አይቼ አላውቅም። ድምፁ ሲያምረኝ ጊዜ ጨመርኩ። አንተ ምንም አላደረግከኝም።»

ተናደድኩ። ተርባይኔን የወሰደብኝ አንሶ በቀሌንም ወሰደብኝ። ፊቱን በራሱ ጆሮ ሰንጥቆ እኔን ነፃ አወጣኝ። ሂሳቤን ከፍዬ ተነሣሁ።

እስከ አዳማ ድረስ መንገዱን ሁሉ ስሰድበው መጣሁ። በእሱ አልተጸጸትኩም፤ ዛሬም ቢሆን ያን መስመር አጠፋው ነበር። ግን እሱ የሚያውቀው ስለ መለኪያው ብቻ ነው። አዴ ጫልቱ እናቴ ስትነሣ ቀና ብለው አይተውኝ ነበር፤ እኔም አይቻቸዋለሁ። ያን ቀን ሁለት ወንበር የሚሸከም ጉልበት ነበረኝ።