ዳሲቱም በላይነሽም

በደርግ ጊዜ ነው። ዳሲቱ አያና ቡልጋሪያ ሄዳ ምህንድስና እንድትማር ሐምሌ ላይ ስትመረጥ የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሰፈር በሙሉ ደስ ብሎት ነበር። ጥቅምት ሲገባ ግን ልጅቷ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት ፊቷ ገርጥቶ፣ ሰው "መቼ ነው የምትሄጂው?" ሲላት መልስ መስጠትም ታክቷት ነበር።

ያሰናከላት ስሟ ነው። አባቷ አቶ አያና፣ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ፣ ዳሲቱ ብለው ሰየሟት። አንደኛ ክፍል ስትገባ ግን መምህሩ "ይሄ ስም አፌ ላይ አልያዝ አለኝ" ብለው በላይነሽ አሏት። ማትሪኩ የበላይነሽ፣ የቀበሌ መታወቂያው የዳሲቱ ሆነ። የፓስፖርት ጸሐፊው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ፣

"የትኛዋ ናት የምትሄደው?" አላት።

"ሁለቱም እኔ ነኝ።"

"እሱን ፍርድ ቤት ይንገረን።"

ፍርድ ቤቱ ደግሞ ዘመድ ያልሆነ ምስክር አምጪ አለ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ዳኛው አልገቡም። በሁለተኛው ምስክሯ አቶ አሻግሬ፣ የጣቢያው ሠራተኛ፣ የጭነት ባቡር ዘግይቶባቸው ከጣቢያው መላቀቅ አልቻሉም። በሦስተኛው ጎረቤቷ ወይዘሮ መሰለች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ፤ ማሉም።

"በላይነሽ አያናን ያውቋታል?" አሉ ዳኛው።

"የለም፣ አላውቃትም።"

አቶ አያና ከኋላ ወንበር ሆነው ራሳቸውን ያዙ።

"ታዲያ ለማን ሊመሰክሩ መጡ?"

"ለዳሲቱ ነዋ! ያቻትልዎ። አንድም ቀን በላይነሽ ብዬ ጠርቻት አላውቅም፤ ምዬ እንዴት ልዋሽ?"

ዳኛው ብዕራቸውን አነሱ። መዝገቡን ይዝጉት፣ አለች ዳሲቱ በልቧ፤ ይዝጉትና ይልቀቀኝ።

ዳኛውም ቀጠሮ መስጠት ሳይሰለቻቸው አልቀረም። "እሺ እናቴ፣ ይቺን ዳሲቱ የሚሏትን ትምህርት ቤት ማን ይሏት ነበር?"

"እሱንማ! እናቷ አራስ ስለነበረች እጇን ይዤ ያስገባኋት እኔ ነኝ። መምህሩ ስሟን ሲለውጡ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ደስ አላለኝም፤ ግን ማን ይሰማኛል?"

"ምን አሏት?"

"እርስዎ ያሉትን።"

"ይናገሩት፤ ይጻፋል።"

ወይዘሮ መሰለች ወደ ዳሲቱ ዞር ብለው አዩ። "በላይነሽ" አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ዳኛው ሁለቱም ስም የአንዲት ልጅ ነው ብለው ወሰኑ። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ወይዘሮ መሰለች "ተቀየምሽኝ እንዴ፣ ልጄ?" አሏት።

"ኧረ የለም፣ እትዬ። ደክሞኝ ነው።"

ፓስፖርቱ በበላይነሽ ስም ወጣ። ከዚያ የጤና ምርመራው፣ የቀበሌው ደብዳቤ፣ የመውጫ ቪዛው ሰልፍ ተከተለ። ሶፊያ የደረሰችው ታኅሣሥ ላይ፣ አብረዋት የተመረጡት ጓደኞቿ ቋንቋውን መኮላተፍ ከጀመሩ በኋላ ነው። ሻንጣዋን እንዳስቀመጠች አንድ ሠራተኛ በእጁ ምልክት አሳያት፤ የምዝገባው ሰልፍ በዚያ በኩል ነበር።