ለትርንጎ ያላወረድሁት ሙሾ

ሦስት የንስሐ አባት ቀብሬያለሁ፤ አንዳቸውም ይህን ሳይሰሙ ሄዱ። ስለ ደብሪቱ ነው። በቴሌቪዥን እያሣቀች፣ በቲያትር መድረክ እያስለቀሰች የኖረችውን የሰቆጣ ልጅ አገር ያውቃታል። እኔ የዋሸሁባትን ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሙሾ አውራጅ ነበርሁ። ከሰቆጣ እስከ አምደወርቅ ሰው ሲሞት የምጠራው እኔ ነበርሁ። በእኛ አገር የለቅሶ ግጥም እንደ ምስክር ቃል ነው። አልቃሽ ያለችውን ሴቱ ተቀብሎ ይደግመዋል፤ ከዚያ ገበያ ይወርዳል፤ ከሟችም ከቋሚም ስም ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ይህን ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

ደብሪቱ የጎረቤቴ የትርንጎ ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ነበሩ፤ ገና ሕፃን ሳለች ሞቱ። ስድስት ዓመት ሳይሞላት ቀሚሴን ይዛ ከለቅሶ ለቅሶ ትከተለኝ ነበር። ቤት ስትመለስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የእኔን ድምፅ፣ የእኔን አንገት፣ የእኔን ደረት አመታት ስትሠራ ሰፈሩ በሣቅ ይወድቃል። በትምህርት ቤት ድራማ ክበብ ገባች፤ ከከተማው የኪነት ቡድን ጋር ዞረች፤ በመጨረሻ በጭነት መኪና ተሳፍራ አዲስ አበባ ገባች። የካህናቱ ሚስቶች «የመሪጌታ ልጅ አዝማሪ ሆነች!» እያሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። ዛሬ «እኛ ነን ያሳደግናት» የሚሉት እነሱው ናቸው። ይበሉ።

ከዓመታት በኋላ በቴሌቪዥን ብቅ አለች። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ሻይ ቤት ብቻ ነበር፤ እሑድ ከሰዓት ከትርንጎ ጋር እንሄዳለን። ደብሪቱ የምትጫወተው ቅጥር አልቃሽ ሆና ነው። ደረቷን እየደቃች፣ እንባዋ እየወረደ፣ በመሐሉ ወደ ጓሮ ዞር ብላ በሹክሹክታ «ንፍሮው በሰለ?» ትላለች። አገር በሣቅ ሞተ።

እኔ ይህን ብያለሁ? ብያለሁ። አንድ ቀን። አንድ ቀን ብቻ! እህል ሳልቀምስ ዳገት ወጥቼ፣ ሳለቅስ የዋልሁበት ቀን ነበር። ያቺ ልጅ ከቀሚሴ ሥር ሆና ሰምታኝ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ መሄጃ አጣሁ። ልጆች ከአጥር ላይ «እትዬ ወርቄ፣ ንፍሮው በሰለ?» ይሉኛል። አበርገሌ ለለቅሶ ተጠርቼ ገና «ወዮ!» ስል ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር።

ትርንጎ ግን ሣቋን አትደብቅም። ጭኔን እየመታች «ተይ ወርቄ፣ እስቲ አንገቷን እዪ! ቁርጥ አንቺን!» ትለኛለች። ሣቁ ሲበረታባት አማርኛው ይጠፋትና በኽምጣንጋ ትቀጥላለች። ባሏ ከሞቱ ወዲህ ጥርሷን ያየሁት በዚያ ሻይ ቤት ነው።

ስትታመም አስጠራችኝ። «ልጄ ሳትደርስልኝ መሞቴ ነው» አለች። «አልቃሼ አንቺ ነሽ። አዝማሪ እያሉ ሰድበዋታል። እንዳሣቀችኝ፣ እንደ ኮራሁባት በሙሾሽ አግቢልኝ፤ ሰው ይስማ።» አስማለችኝ። ማልሁ።

ደብሪቱ የደረሰችው ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ነው። ልጅ ከሩቅ ሲመጣ ለቅሶ እንደ አዲስ ይነሳል። ሴቱ ከበባት፤ የእኔን አፍ ጠበቀ። እኔም አወረድሁ፦

እናት በሐፍረቷ ስትቀልጥ እንደ ሻማ፣
ልጅ ሣቅ ትሸጣለች በሸገር ከተማ።

ሴቱ ተቀበለኝ። ደጋግሞ ተቀበለኝ። ደብሪቱ ደረቷን መምታት አቆመች። እጇ አየር ላይ እንደ ቀረ አሁንም ይታየኛል።

ሰው ሲበተን ጓዳ ድረስ ተከትላኝ መጣች። «እትዬ፣ እውነትዎን ነው? አፍራብኝ ነው የሞተችው?» አለችኝ። እንደ ሕፃንነቷ ቀሚሴን ይዛ። ያኔ እንኳ መመለስ እችል ነበር። አፌን የያዘው ማን ነው? ማንም አልያዘውም። «አልቃሽ አይጠየቅም» አልኋት።

በማግስቱ ሄደች። ግጥሙ ገበያ ወረደ። ለእናቷ ተዝካር እንኳ አልመጣችም። ያቺን አልቃሽም በቴሌቪዥን ዳግመኛ አልሠራቻትም። የፈለግሁትን አገኘሁ።

ቆይቶ ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ሄድሁና የእህቴ ልጅ ቲያትር ቤት ወሰደችኝ። ደብሪቱ ልጇ የሞተባት እናት ሆና መድረኩ ላይ ብቻዋን ቆማ ነበር። ዓይኔ ደብዝዟል፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ያወረደችው ሙሾ ዜማው የእኔ ነበር። ከመጨረሻው ቃል በፊት ትንፋሼን የምይዝባት ቦታ እንኳ አልቀረችም። ማንም ያልወረሰኝን ሙያ የወረሰችኝ እሷ ኖራለች፤ ስታሣቅም ስታስለቅስም ከእኔ በወሰደችው ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ አስለቀሰችው። እኔ በዕድሜዬ ሙሉ ያን ያህል ሰው አላስለቀስሁም፤ እንደ እሷ ያለ አልቃሽም አልሰማሁም። ሰው ተነሥቶ ሲያጨበጭብ ሄጄ እውነቱን ነገርኋት? ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ ወጣሁ።

ንፍሮውን የጠየቅሁት ርቦኝ ነው፤ ለእሱ ይቅርታ አልጠይቅም። ለሙሾው ግን ምክንያት የለኝም። ቂሜ ከልጅቱ ነበር፤ የካድሁት ግን አምናኝ የሞተችውን ነው።

ደብሪቱ፣ በሙሾ አልነግርሽም፤ በሙሾ ዋሽቼሻለሁ። በተራ ቃል ስሚኝ። እናትሽ አላፈረችብሽም። በየእሑዱ ነጠላዋን ለብሳ፣ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ፣ «ፍጠኚ፣ ልጄ ልታመልጠን ነው» እያለች ደጄ ላይ ትቆም ነበር።

ይቅር በይኝ አልልሽም። መቃብሯ ድረስ ነይና ያቺን አልቃሽ ሥሪላት። ንፍሮውንም ጠይቂ። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ እቆማለሁ።