አክስቴን ጠጠር የዋጣት ቀን

«አንተ ልጅ፣ ሽርሽር ያልከው ይሄን ነው?» አለች አክስቴ፣ እስከ ጉልበቷ ጠጠር ውስጥ ሰምጣ።

ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ሲያትል አጠገብ ካለችው ታኮማ ወረድ ብሎ ያለው የባሕር ዳርቻ ላይ ዎክ ስናደርግ ያ ቀን ትዝ ብሎን በሳቅ ሞትን።

ነገሩ የሆነው በፈረንጅ ዘጠናዎቹ ነው። በዲቪ መጥቼ ሲያትል አክስቴ ጋር እኖራለሁ። ባለቤቴ ያኔ ቸርች የማውቀው ልጅ ነበር፤ «ቅዳሜ ሀይክ እናድርግ» አለኝ።

ሀይክ የእግር ጉዞ መሆኑን መች አውቄ፤ የምግብ ቤት ስም መስሎኝ ባለ ተረከዝ ጫማ አደረግሁ። አክስቴም «ብቻሽንማ አትሄጂም!» ብላ ተከተለችን።

ወስዶ ያሳየን ድሮ ጠጠር ሲወጣበት የነበረ፣ የተቦረቦረ የባሕር ዳር ገደል ነው። የቀረው የፈራረሰ የኮንክሪት ግድግዳና የጠጠር ክምር ብቻ።

«ቤት ጀምሮ ነው እንዴ?» አለችኝ አክስቴ በሹክሹክታ።

ወዲያው የቆመችበት የጠጠር ክምር ተንዶ እስከ ጉልበቷ ዋጣት። እሱ ሮጦ እጇን ይዞ ሲስባት፣ እሷ ወጣች፣ እሱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ባሕሩ ውስጥ ዘፍ አለ።

እዚያው ውሃው ውስጥ እንደተቀመጠ «እትዬ፣ ተጎዱ እንዴ?» አላት።

ቤት ስንገባ አክስቴ፣ «እሱ ባሕር ውስጥ ወድቆ ስለ እኔ ይጠይቃል! አግቢው» አለችኝ።

የእናንተስ ዘመዶች ባለቤታችሁን በምን ፈተኑት? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ባለቤቴ እሱ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ይፈልጋል።