ለወንድሜ እጅ የሚሆን ማውስ

የወንድሜን በሽታ ስም ከሐኪም ከሰማን ቆይተን ነበር። እውነት የሆነብኝ ግን ማውስ መግፋት ያቃተው ሰሞን ነው።

ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች ቀስ እያለ የሚገድል፣ መድኃኒት የሌለው በሽታ ነው። እኔ ዴንቨር ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በነርስ ረዳትነት እሠራ ስለነበር፣ በዚሁ በሽታ የተያዘ ሰው አጥቤአለሁ፣ አጉርሻለሁ፣ መጨረሻውንም አይቻለሁ። ስለዚህ የሚመጣውን አውቀው ነበር። ለቤተሰቤ ግን አልተናገርኩም፤ እነሱም አልጠየቁኝም።

ከዴንቨር ጎን ባለችው አውሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለ አፓርትመንት ሦስት ሆነን እንኖር ነበር፤ አባታችን፣ ወንድሜና እኔ። እናታችን ወደ አሜሪካ ሳንመጣ ነው ያረፈችው። ወንድሜ ታናሼ ነው። ኤርፖርት አካባቢ ካለ ፓርኪንግ መንገደኞችን በሻትል አውቶቡስ ያመላልስ ነበር። መጀመሪያ የሰው ሻንጣ ከእጁ እያመለጠ ይወድቅ ጀመር። ከዚያ መሪ ማዞር አቃተው። ከዚያ እግሩ። ሥራውን ትቶ እቤት ሲቀመጥ የቀረው ነገር ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር።

የሚጫወተው ጌም መንደር የሚቆረቆርበት ነው። ሰዎቹ እንጨት ይለቅማሉ፣ ያርሳሉ፣ አጥር ያጥራሉ፣ ከዚያ ጦር ያሠለጥኑና የጎረቤትን መንደር ያጠፋሉ። ሁሉም ነገር የሚሠራው በማውስ ነው። ሰውየውን ትመርጠዋለህ፣ እንዲሄድ የምትፈልግበት ቦታ ላይ ትጫናለህ። እጅ ከዘገየ መንደሩ ይቃጠላል።

ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው የድሮ ማውስ ሆዱ ውስጥ ኳስ ያለው ዓይነት ነበር፤ ይይዛል፣ ይንገጫገጫል። ገመዱም እጁን የሚያስቸግረው መሰለኝና አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ዋየርለስ ማውስ ገዛሁለት። ደስ ብሎኝ ነበር የገባሁት። አውጥቼ ባትሪዎቹን ከተትኩና ከመዳፉ ሥር አስቀመጥኩለት። ትንሽ ገፋው። ቆመ። እንደገና ገፋው። ትከሻው እንጂ እጁ አይደለም የሚሠራው።

«ምነው? አልወደድከውም?» አልኩት።

«ድንጋይ ነው» አለኝ።

እኔ ሳነሳው ምንም አይከብድም። እሱ ግን የባትሪዎቹን ክብደት ለመግፋት አቅም አልነበረውም። በዚያ ላይ ማውሱ ትንሽ ካልተነካ ይተኛል፤ ለመቀስቀስ መወዝወዝ ያስፈልጋል። ወንድሜ የተኛ ማውስ መቀስቀስ አቅቶት ጦሩ ሲያልቅ ስክሪኑን ሲያይ አየሁት። ወደ ኩሽና ሄድኩና የታጠበውን ዕቃ እንደገና አጠብኩ።

አባታችን ሶፋው ላይ ነበሩ። በኢትዮጵያ ዘመናቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ፣ ጌም የሚባለውን ነገር በክፉ ዓይን የሚያዩ ሰው ናቸው።

«ተወው ልጄ» አሉት። «የልጅ ጨዋታ ነው። ዕረፍት አድርግበት።»

«አባባ፣ ሌላ የቀረኝ ሥራ ካለ ይንገሩኝና እሱን ልሥራ» አላቸው።



በዚያው ሳምንት በዕረፍት ቀኔ ዊልቸሩን መኪናው ውስጥ ጭኜ፣ እሱን አቅፌ አስገብቼ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ወዳለ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ወሰድኩት። «ከአሁን በኋላ አንቺ አትመርጪልኝም» ብሎኝ ነበር፤ ልክ ነበር።

ማውሶቹ ለማሳያ በተደረደሩበት መደርደሪያ ፊት አቆምኩት። የሱቁ ሠራተኛ መጣና ወንድሜን አልፎ እኔን አየኝ።

«ምን ዓይነት ነው የሚፈልገው?»

ወንድሜ ያኔ ምላሱ መክበድ ጀምሮ ነበር፤ ቃል እየጎተተ ነው የሚያወጣው። «እኔን ጠይቀኝ። ጆሮዬን አላመመኝም» አለው በእንግሊዝኛ።

ልጁ ፊቱ ቀላ። ይቅርታ ጠይቆ ጎንበስ አለና ከወንድሜ ጋር ማውራት ጀመረ። መጀመሪያ ያሳየው ውዱንና ዝነኛውን ነበር። ትንንሽ ብረቶች አብረውት ይሸጣሉ፤ ተጫዋቹ እንደ ፍላጎቱ ሆዱ ውስጥ እየከተተ ማውሱን ያከብደዋል። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሳቀ። በሽታው ሳቁን አበላሽቶት ነበርና ሰው ዞሮ አየን።

«ክብደት በገንዘብ ይገዛሉ!» አለኝ በአማርኛ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። እያንዳንዱን ማውስ ከመዳፉ ሥር እንዳደርግለት ጠየቀኝና ዓይኑን ጨፍኖ ይሞክረው ጀመር። አንዱ ጀርባው ጎባጣ ነው፤ መዳፉን ሞልቶ ይደግፍለታል፣ ጣቶቹ ግን ቁልፎቹ ላይ አይደርሱም። ሌላው ጠፍጣፋ ነው፤ እጁ ወደ ጎን ይንሸራተታል። አንዱ ቁልፉ ደረቅ ነው፤ ሦስቴ ተጭኖት አንዴም አልጮኸም። ጎኑ ላይ ብዙ ቁልፍ ያለበትን ገና ሳይነካው ተወው፤ አውራ ጣቱ ከሞተ ቆይቷል። የመረጠው ከታችኛው መደርደሪያ የነበረውን፣ ርካሹን ባለ ገመድ የጌም ማውስ ነው። ባትሪ የለውም። ቀላል ነው። ቁልፎቹ ገና እጅ ሲያርፍባቸው ይጮኻሉ። ከመንኮራኩሩ ሥር ደግሞ ስክሪኑ ላይ የምትሄደውን ቀስት ፍጥነት የሚቀይር ትንሽ ቁልፍ አለው።

ልጁ ከኮምፒውተር ጋር አገናኘለትና ፍጥነቱን መጨረሻ ላይ አደረሰው። ወንድሜ ጣቱን ነቅነቅ ሲያደርግ ቀስቷ ከስክሪኑ ዳር እስከ ዳር በረረች።

«ይሄ ለሰው አይሆንም፤ ይፈጥናል» አለ ልጁ።

«ለእኔ ይሆናል» አለ ወንድሜ።

እቤት ስንደርስ ገመዱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወደ ታች እየጎተተ አስቸገረን። ከሥራ ቦታ የለመድኩትን የቁስል ፕላስተር አምጥቼ ገመዱን ከፍ አድርጌ ከመብራቱ እግር ጋር አሰርኩት፤ ክብደቱ ከእጁ ላይ ተነሣ። አባቴ ከሶፋው ተነሥተው መጥተው አዩት። «የጭነት ገመድም እንዲህ ነው» አሉ፤ «ካላንጠለጠልከው ይጎትትሃል።» ስለ ኮምፒውተር የተናገሩት የመጀመሪያው ደግ ቃል ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ወራት ከነበሩን ሁሉ ደህናዎቹ ናቸው። ወንድሜ ጠዋት ጋዜጣ ያነባል፣ የመብራቱን ይከፍላል፣ ለእኔ የነርሲንግ ትምህርት ምዝገባ ይፈልግልኛል። ኪቦርድ መጫን ሲያቅተው ኪቦርዱን ስክሪኑ ላይ አወጣና ፊደሉን አንድ በአንድ በማውስ እየጠቆመ ይጽፍ ጀመር። አንድ መስመር እስኪጽፍ ሻይ ፈልቶ ይበርዳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መንደሩን ይቆረቁራል።

ዓርብ ዓርብ የልጅነት ጓደኛው ይመጣ ነበር። አዲስ አበባ አንድ ሰፈር ያደጉ ናቸው። እዚህ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ይኖራል፣ ታክሲ ይነዳል። ከጁምዓ ሲወጣ ታክሲውን በራችን ላይ ፓርክ አድርጎ ላፕቶፑን ይዞ ይገባና ከጎኑ ተቀምጠው ይፋለማሉ። አይራራለትም። «ወላሂ፣ ዛሬ መንደርህን አመድ ነው የማደርገው!» እያለ ያቃጥልበታል። ወንድሜ ደግሞ ይህን ነበር የሚወድለት። ሌላው ሰው ሁሉ ቤታችን ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

መፀው ገባና ቅጠሉ ሲረግፍ ቀኝ እጁ ጨርሶ ቆመ። ወደ ግራው አዛወርነው። ግራውም ብዙ አልቆየም። አንድ ዓርብ ጓደኛው መጥቶ ላፕቶፑን ሲከፍት ወንድሜ እጁን እያየ ተቀመጠ። ጣቱ ማውሱ ላይ ነው፣ ቀስቷ ግን አትንቀሳቀስም። ፍጥነቱ ከዚያ በላይ አይሄድም። ጓደኛው አቀረቀረ።

አባቴ ወንበር ጎትተው መጡና ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ማውሱን ያዙት፤ እንደ ጫጩት ነበር የያዙት።

«በል ንገረኝ» አሉት።

መጀመሪያ ላይ ቀስቷ እንደ ዝንብ እየበረረች አስቸገረቻቸው። ጓደኛው ፍጥነቱን ሊቀንስላቸው ሲል «ተወው፣ የሱ ነው፤ እኔ እለምደዋለሁ» አሉ። ለመዱትም። ወንድሜ ያዛል፣ አባቴ ይገፋሉ።

«አባባ፣ ግራ... ወደ ግራ ያድርጉት... ይጫኑት...»

ውጊያው ሲጦፍ ትንፋሹ አይበቃውምና አንቱታውን ይጥለዋል። «ግራ! ተጫነው! ልቀቀው!»

እኔ ደንግጬ አባቴን አየሁ። ቤታችን ውስጥ አባቱን አንተ ያለ የለም። እሳቸው ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ «አንቱታ ትንፋሽ ይፈጃል፤ ተይው» አሉኝ። ያን ቀን መንደራችን ተቃጠለ። ሁለቱም ግን አልተነሡም፤ እንደገና ጀመሩ።

ብርዱ ሳይብስ ክሊኒክ ቀጠሮ ነበረን። ዶክተሯ ሳንባው እየደከመ መሆኑን ነገረችን። ጉሮሮው ተበስቶ ቱቦ ቢገባለትና ማሽን ቢተነፍስለት ዕድሜው ሊረዝም ይችላል፤ ካልሆነ ግን ብዙ አይቆይም አለች። ወንድሜ የሚለውን ቃል አስቀድሞ አዘጋጅቶት ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ፣ በዚያ በተሰባበረ ድምፅ፣ «አልፈልግም» አላት። ደግማ ጠየቀችው። ደግሞ መለሰላት።

አባቴ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ከእኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ አዩ።

«ምን አለ?»

አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ወንድሜ በዓይኑ ንገሪያቸው አለኝ።

«ማሽኑን አልፈልግም ነው የሚለው» አልኩ።

«ያለ ማሽኑስ?»

«ያለ ማሽኑ... ብዙ አይቆይም፣ አባባ።»

አባቴ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሳንባ ሥዕል ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «እኔ እያለሁ?» አሉት። ወንድሜ አለቀሰ፤ እንባውን የሚጠርግበት እጅ አልነበረውምና አባቴ በኮፍያቸው ጠረጉለት።

እቤት እንደገባን አባቴ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ኮምፒውተሩን ከፈቱት።

መናገር ካቃተውም በኋላ ተጫወቱ። ወንድሜ ዓይኑን ወደ ላይ ካደረገ አዎ ነው፤ ከጨፈነ አይደለም። አባቴ ማውሱን ስክሪኑ ላይ ቀስ ብለው ያዞሩና «እዚህ? እዚህስ?» ይሉታል። ጓደኛው ከጎናቸው ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ መቸኮሉን ትቶ ነበር። እኔ ደግሞ ከጀርባቸው ቆሜ የምቆጥረው ትንፋሹን ነበር። መጦሪያው ውስጥ ትንፋሽ ማዳመጥ ሥራዬ ነው፤ እቤቴ ስገባ ማቆም አልቻልኩም።

በረዶ በጣለበት አንድ ጠዋት፣ አባቴ አጥሚት በማንኪያ እያጠጡት ሳለ አረፈ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኩን ያነሣችው አለቃዬ ናት፤ ፊቷን ሳየው ሳትነግረኝ ገባኝ። አንዲት አሮጊት ልብስ እያለበስኩ ነበር። የሹራቧን ቁልፎች ቆልፌ ጨርሼ ወጣሁ።

ቤታችን በለቀስተኛ ተሞላ። ሴቶቹ ኮምፒውተሩ ላይ ነጠላ ጣሉበትና በላዩ የዳቦ ሰሃን ደረደሩበት። ጓደኛው በቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ከሰው ሁሉ ራቅ ብሎ በረዶው ላይ ቆሞ ነበር፤ አባቴ ሄደው እጁን ይዘው ከቤተሰቡ ጋር አቆሙት።

አርባው ወጥቶ ለቀስተኛው ሲበተን አባቴ ጓደኛውን አስጠሩት።

«ይህን ዕቃ ውሰደው» አሉት።

«አባባ፣ ይጫወቱበት እንጂ። እኔም ዓርብ ዓርብ እመጣለሁ።»

«እኔ እኮ ጨዋታ አላውቅም። የማውቀው እሱ ሂድ ሲለኝ መሄድ ነው።»

ጓደኛው ገመዶቹን ነቀለ። አባቴ የመብራቱን እግር ይዘውለት ፕላስተሩን ላጡት። ሲጨርስ «ያ መንደርስ?» አሉት፤ «የመጨረሻው፣ አጥሩን ያልጨረስነው። ማን ይጠብቀዋል?»

«ሲዘጋ ይጠፋል፣ አባባ» አለ ጓደኛው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እስከ በሩ ሸኙት።

በማግስቱ ወደ ፀጉር ቤት እንድወስዳቸው ጠየቁኝ። ለሐዘኑ ያሳደጉት ጢም ነጭ ሆኖ ፊታቸውን ሸፍኖት ነበር። ፒዮሪያ ላይ ወዳለው የሐበሻ ፀጉር ቤት ወሰድኳቸው። ፀጉር አስተካካዩ አዲስ ነው፣ አያውቀንም። ፎጣውን አንገታቸው ላይ እያሠረ እንደ ወጉ ጨዋታ ጀመረ።

«አባባ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?»

እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ሁለት» አሉት። «አንዷ ይቺ ናት።»

ሰውየው ቀና ብሎ በመስታወቱ ሰላም አለኝ። ስለሌላው አልጠየቀም። መቀሱን አነሣና ሥራውን ጀመረ።