የእድሩ ድንኳን ደጃችን ሲወርድ

ለዘገባ ስወጣ የእርጥብ ሸራ ሽታ ካገኘኝ፣ በንጉሡ ዘመን የነበረው የጉለሌ ግቢያችን ይመጣብኛል።

አባቴ ከእንጦጦ ጀርባ ባለች ጠባብ ሸለቆ አንድ ሌሊት ሊያሳድረን አስቦ የእድሩን ድንኳን ተዋሰ። ታላቅ ወንድሜ የምናድርበትን ቦታ ሊመርጥ በጠዋት ቀድሞን ሄደ። ድንኳኑ ደጃችን ሲወርድ ያዩ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ።

«ማን ነው የሞተው?»

«ኧረ ማንም አልሞተ! ለሽርሽር ነው!» አለ አባቴ እየሳቀ።

«ታዲያ ትልቁ ልጅሽ የታለ?» አሏት እናቴን፣ ጎረቤታችን እማማ በላይነሽ።

እናቴ ወጥታ በር ላይ ቆመች። እስኪመሽ ከበር አልተንቀሳቀሰችም፤ ሴቶቹም ጥለዋት አልሄዱም። ወንድሜ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እያፏጨ ሲገባ ፊቱን ዳሰሰችና፣ «አንዴ ስሙ ለለቅሶ ተጠርቷል» ብላ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ አለቀሰችለት። ጉዞው ቀረ።

ወንድሜ ዛሬ የልጅ ልጆች አሉት። ስልክ ካላነሳልኝ ግን አሁንም ሥራ አይያዝልኝም።