የአባቴ ባቡርና የዋሲላ ሁንዴሳ ሹመት

ባለፈው ፋሲካ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለትንሹ ልጁ በባትሪ ድንጋይ የሚሄድ የላስቲክ ባቡር ይዞ መጣ። ነቀምቴ ባለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ ምንጣፉን አንስተን ሐዲዱን ገጠምንለት። ባቡሩም እየጮኸ በወንበሮቹ እግር መካከል ይሽከረከር ጀመር። ከእንግዶቹ መካከል የአጎቴ የሁንዴሳ የልጅ ልጅ ሲፈን ነበረች። እሷ እኔን «አዳዳ» ትለኛለች፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ታላላቆቼ ስላለቁ የቤተ ዘመዱ ሁሉ አዳዳ ሆኜ ቀርቻለሁ።

ሲፈን ባቡሩን እያየች ሣቀችና፣ «ይሄማ ምን አለው! የኛ አካኮ በንጉሡ ጊዜ በገዛ እጁ ባቡር ሠርቶ ነበር አሉ። አዳዳ፣ እርስዎ ሳያዩት አይቀሩም» አለችኝ።

ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። አካኮ የምትለው አያቷ ከሞተ ስንት ዘመኑ! እኔ ደግሞ ሰማንያን የተጠጋሁ አሮጊት ነኝ፤ በዚህ ዕድሜ ሰው ብዙ ነገር ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ይህን ግን ዝም ብዬ ባልፈው ያ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ሰረቀን ማለት ነው። ስለዚህ ሲፈንን አጠገቤ አስቀመጥኳትና ነገርኳት። የነገርኳትን ነው አሁን የምጽፈው፤ አንዲት ነገር ብቻ ለእሷ አልነገርኳትም።

አባቴ ኦቦ ተሬሳ በወጣትነቱ ድሬዳዋ ወርዶ በባቡር ጥገና ቤት ሠርቷል። የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ማሽን ከቆረጠው በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ሰዓትና የልብስ ስፌት መኪና እየጠገነ አሳደገን። ባቡር ግን ከልቡ አልወጣም። ከጓሮ ባለችው ክፍል ረጃጅም ሳንቃ በርጩማ ላይ አጋድሞ፣ ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ በሙሉ ሠራው። ከዚያም እውነተኛው ሐዲድ የቆመበት ላይ እሱ አልቆመም። አምቦን፣ ባኮን፣ አኖን አልፎ ነቀምቴ ድረስ ቀጠለው። «መንግሥት እስኪያመጣው ምን አስቀመጠኝ» ይል ነበር።

ሐዲዱ ጋሽ ሸምሱ ከሱቃቸው የሚያመጡት የጨርቅ እስር ማሰሪያ ብረት ነበር። ጋሽ ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ የከተሙ ነጋዴ ናቸው፤ እሑድ እሑድ እኛ ከጸሎት ቤት ስንመለስ ደጃችን ቆመው ይጠብቁናል። ጃኬታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የጣቢያዎቹን ጣሪያ ቀለም መቀባት የእሳቸው ድርሻ ነበር። ተራሮቹ ጭቃና ጭድ ናቸው። የጊቤ ወንዝ የተሰበረ መስታወት፣ ድልድዩ የጃንጥላ ሽቦ። ፉርጎዎቹን ከላምባ ጣሳ ቆርጦ በካውያ የሚበይደው አባቴ ነበር፤ የምይዝለት እኔ ነበርኩ፤ በጎደሉት ጣቶቹ ምትክ የእኔ ጣቶች ይገቡ ነበር። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ቢኖረውም የሚተካኝ አይመስለኝም።

ሞተሩ የሚሄደው በትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሞላ ነው። የሞላውን ኃይል ወደ እግሮቹ የምታደርስ አንዲት ትንሽ ጥርሳም መዘውር ነበረች። እሷን አባቴ ከጥይት ቀለህ ናስ፣ ክረምቱን ሙሉ በሞረድ እየሞረደ ነው ያወጣት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እናቴ ቅቤ የጠጣ አንጮቴ በሳህን ስታቀርብልን፣ ሞረዱ «ክርር፣ ክርር» ሲል ዛሬም ይሰማኛል። ባቡሩ ተነሥቶ ከድሬዳዋ ነቀምቴ ሲገባ ጋሽ ሸምሱ የሱቃቸውን ደወል ይመቱና፣ «ነቀምቴ! ውረዱ! ዕቃችሁን እንዳትረሱ!» ብለው ይጮኻሉ። እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ በኋላ አይቼ አላውቅም።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ሁንዴሳ ነው። በኛ አገር የአባት ወንድም «ዋሲላ» ይባላል። ዋሲላ ሁንዴሳ ካኪ ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ፣ የሹማምንት ደጅ ሲጠና የሚውል ሰው ነበር። ባቡሩን አንድ ቀን እንኳ በእጁ ነክቶት አያውቅም። በር ላይ ቆሞ፣ «ተሬሳ፣ የልጅ አባት ሆነህ በአሻንጉሊት ትጫወታለህ?» ብሎ ስቆ ይሄዳል።

አባቴን በነሐሴ የሳንባ ሕመም ወሰደው። ከመሞቱ በፊት ዋሲላም ጋሽ ሸምሱም ባሉበት፣ «ባቡሩ የኩለኒ ነው» ብሎ ተናዘዘ። ኩለኒ እኔ ነኝ። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ለመስቀል እናቴ ዘመዶቿ ዘንድ ሐዘኗን እንድትረሳ ብለን ጊዳ አያና ሄድን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በበቅሎ። አደይ አበባው ሜዳውን ሞልቶት ነበር፤ እኔ ግን የማስበው ስመለስ የአኖን ጣቢያ ጣሪያ እንደምጨርሰው ነበር። ጋሽ ሸምሱ ቀይ ቀለም ሰጥተውኛል። ተመልሰን የጓሮውን በር ስከፍት የጆንያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ክፍሉ እስከ ጣሪያው የዋሲላ ቡና ተከምሮበታል። ባቡሩ የለም። ሳንቃው የለም። ከግድግዳው ሥር የጊቤ መስታወት ስባሪ ብቻ ወድቋል።

ሮጬ ዋሲላ ቤት ሄድኩ። ምሳ እየበላ ነበር።

«ዋሲላ፣ ባቡሩ የት ሄደ?»

«ለሚገባው ሰው ተሰጠ።»

«አባዬ ለእኔ ነው የተናዘዘው። እርስዎም ሰምተዋል።»

ጉርሻውን አላምጦ ሳይጨርስ አልመለሰልኝም። «አንቺን ነገ ባል ይወስድሻል እንጂ ባቡር አይወስድሽም። ሂጂ፣ እናትሽን አግዢ።»

እናቴ ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። «ዝም በይ፣ ልጄ፤ ከእንግዲህ የሚያኖረን እሱ ነው» አለችኝ። እኔ አላለቀስኩም። እንባዬ ወደ ሌላ ነገር ተለውጦ ነበር።

የቀረውን የሰማሁት ከጋሽ ሸምሱ ነው። ዋሲላ ባቡሩን ለአንድ ግራዝማች እጅ መንሻ ሰጥቶታል፤ የፈለገውም የኑኑ ቁምባን አገር የሚያስተዳድርበትን የምስለኔነት ሹመት ነው። የሰጠውም የወንድሜ ሥራ ነው ብሎ አይደለም። «ሰው በተሰበሰበበት፣ 'በእነዚህ እጆቼ ሠራሁት' ሲል በጆሮዬ ሰማሁ» አሉኝ ጋሽ ሸምሱ፣ ከሱቃቸው ባንኮኒ ጀርባ ሆነው። «ሐዲዱን ከጨርቁ እስር ላይ የፈታሁት እኔ ነኝ እኮ!»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ግራዝማች ፊት? ልጄ፣ እኔ ባለሱቅ ነኝ። ነገም እዚሁ ከተማ ሱቄን መክፈት አለብኝ።»

አልተቀየምኳቸውም። ሁሉም ሰው የሚችለውን ያህል ነው የሚደፍረው። የዋሲላ ግን ሌላ ነው። ዕቃውን ቢወስድ ዕቃ ነው፤ የአባቴን እጅ ነው የወሰደው። ወንድሙን ገና አፈሩ ሳይደርቅ ሁለተኛ ቀበረው።

ኅዳር ገብቶ ጤፉ ሲታጨድ ዋሲላ እቤታችን መጣ። ድምፁ ማር ሆኗል። «ኩለኒ፣ ኢንታላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። እኔን ልጄ ብሎ አያውቅም። ለካስ ባቡሩን ሲያጓጉዙ ገነጣጥለውት ኖሮ የሚገጥመው ሰው ጠፍቷል። ግራዝማችም ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ትልቅ እንግዳ ሊያሳዩት አስበዋል። «ነይና ገጣጥሚልኝ። ሰው ከጠየቀ ግን የማዝሽ እኔ ነኝ፤ አንቺ አቀባይ ነሽ።»

«ኤዬ፣ ዋሲላ። እሺ» አልኩት።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ በቀላሉ እሺ ስል ሰምታ አታውቅም።

ግራዝማች ግቢ አዳራሹ ሰፊ ነው። ሳንቃውን ዘርግቼ፣ ተራሮቹን ጠግኜ፣ ሐዲዱን ከድሬዳዋ እስከ ነቀምቴ አገናኘሁት። የአኖንም ጣሪያ ቀይ ቀባሁት። የጀመርኩትን ነገር ሳልጨርስ መተው አልወድም። ግራዝማች እየመጡ ያያሉ። አንድ ቀን፣ «ሁንዴሳ፣ ሥራው ሁሉ በዚች ልጅ እጅ ነው ሳ?» አሉት። እሱም፣ «እጇ ቀጭን ስለሆነ ነው፣ ጌታዬ። ጭንቅላቱ የኔ ነው» አላቸው። እንግዳው በሚመጣበት ዋዜማ ሞላውን ጠምዝዤ ለቀቅኩት። ባቡሩ ጊቤን ተሻግሮ ነቀምቴ ገባ። ግራዝማች እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። «ነገ እንግዳው ፊት ሹመትህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ» አሉት። ዋሲላ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ከአባቴ ስም አንዲት ፊደል አልወጣም።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምን እንደማደርግ በደንብ አላውቅም ነበር። እዚያ ላይ አወቅኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩን ዘይት ላጠጣው ብዬ ከፈትኩት። ያቺን የናስ መዘውር አወጣኋትና ክዳኑን መልሼ አሰርኩ። መዘውሯን በሹሩባዬ ውስጥ ሸጉጬ ሻሼን አጥብቄ ጠመጠምኩበት። ቀኑን ሙሉ ጥርሶቿ ጭንቅላቴን ሲቧጥጡት፣ እዚያው መሆኗን እያወቅኩ ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዳው ገባ። ሹማምንቱ ገቡ፤ ነጋዴዎችም ተጠርተው ነበርና ጋሽ ሸምሱ ከበሩ አጠገብ ቆሙ። ዋሲላ አዲስ ነጭ ኩታ ደርቦ ወደ ሳንቃው ተራመደ። ስለ ድካሙ፣ እንቅልፍ ስላጣባቸው ቀናት ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ ቁልፉን ጠምዝዞ ለቀቀ።

«ጥርርርር» አለ ሞላው። እግሮቹ ንቅንቅ አላሉም።

ደግሞ ጠመዘዘ። ጥርርርር። እንግዳው ፈገግ ብሎ፣ «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ደክሞት ይሆናል» አለ፤ ሰው ሳቀ።

ግራዝማች አልሳቁም። «ሁንዴሳ፣ የገዛ ሥራህ አይደል? ክፈተውና አስተካክለው። እኛ ምሳ እንበላለን።»

እነሱ ሲበሉ ዋሲላ ካቻቪቴ ይዞ ሞተሩን ጭኑ ላይ ገለበጠው። መፈታት የሌለበትን ብሎን ፈታ። ሞላው ተፈናጥሮ ከንፈሩን ገመሰው፤ ደሙ በነጩ ኩታ ላይ ተንጠባጠበ። ወለሉን በእጁ ዳሰሰ፣ አሽከሮቹን ጠረጴዛው ሥር አስፈለጋቸው። ምን እንደጎደለ ስለማያውቅ ምን እንደሚፈልግም አያውቅም። በመጨረሻ ዓይኑ እኔን ፈለገ።

«ኩለኒ! ነይ እስቲ፣ ይቺን ነገር እያት።»

ወደ መካከል ወጣሁ። ለታላቆች እንደሚገባ እጅ ነሣሁ። ድምፄ ሲረጋ ለራሴም ገረመኝ።

«ዋሲላ፣ እኔ አቀባይ ነኝ። እርስዎ የሠሩትን እኔ ከየት አውቄ?»

ከበሩ በኩል የጋሽ ሸምሱ ሳል ብቻ ተሰማ። ሳሉ ሳቅ መሆኑን እኔና እሳቸው ብቻ እናውቅ ነበር። ግራዝማች እጃቸውን ታጥበው፣ በፎጣ አድርቀው፣ ቀስ ብለው፣ «የገዛ ሥራውን የማያውቀውን ሰው በሰው አገር ላይ ልሾመው ነበር» አሉ። የኑኑ ቁምባ ምስለኔነት ለሌላ ሰው ሆነ። ዋሲላ ገበያ በወጣ ቁጥር ጎረምሶች ከኋላው «ጥርርርር» ይሉበት ጀመር። ቆቡን ማድረግ ተወ። እኔ መንገድ ላይ ሳገኘው ጎንበስ ብዬ፣ «አካም ጅርቱ፣ ዋሲላ፣ እንደምን ነዎት» እለው ነበር። እያንዳንዷ ሰላምታ ትጣፍጠኝ ነበር።

መዘውሯን ከእንጨቱ ድልድይ ላይ ወደ ወንዙ ወረወርኳት፤ ነገ አዝኜ እንዳልመልሳት ፈርቼ። ባቡሩን የግራዝማች ልጆች እየጎተቱ ሰባበሩት። የአባቴን ሞተር ልብ በገዛ እጄ ማውጣቴን አልረሳሁም፤ ያን ሌሊት ነው ለአባቴ በትክክል ያለቀስኩት። ግን በሰው ስም ከሚሮጥ ይልቅ ቆሞ ቢቀር ይሻላል።

ለሲፈን ያልነገርኳት ይህ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ዋሲላ በጠና ታሞ አስጠራኝ። ቆዳና አጥንት ሆኗል። ሰው ሁሉ እንዲወጣ አደረገና እጄን ያዘኝ።

«ተሬሳ ነው» አለኝ። «ባቡሩን ያቆመው ተሬሳ ነው። በዋዜማው ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማንም አልነካውም። ከዚያ ቀን ወዲህ መብራት ሳጠፋ ሞላው ሲጮህ እሰማለሁ። አሁን ደግሞ ወደ እሱ ልሄድ ነው። ምን ይለኛል?»

ያን ሁሉ ዓመት እኔን ለአፍታ እንኳ አልጠረጠረኝም። አንዲት ልጃገረድ እንዲህ ታደርጋለች የሚለው ሐሳብ ራሱ አልመጣለትም። ይህ ንቀቱ ነው መሰለኝ ያናደደኝ። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ ልውጋው ብዬ፣ «ተሬሳ አይደለም፤ እኔ ነኝ። መዘውሯን በሹሩባዬ ደብቄ ወጣሁ» አልኩት።

አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ፊቱ ሁሉ ተፈታ። «አንቺ ነሽ?» አለ። «አንቺ ነሽ እንዴ? ገለቶሚ፣ ኢንታላ ኮ፣ ገለቶሚ!» አመሰገነኝ። እጄን ለቆ እንደ ጠገበ ሕፃን ተኛ። በዚያው ሳምንት በሰላም አረፈ።

ሲፈን ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ ዓይኖቿ እንባ ሞልተው ነበር። ጥሩ ልጅ ናት፤ የጸሎት ቤታችን ዘማሪ ናት። እጄን ያዘችና፣ «አዳዳ፣ ይቅርታ። ከእንግዲህ የኦቦ ተሬሳ ባቡር ነው የምለው» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም ይባላል። አሁን በዚህ ዕድሜዎ፣ በሠሩት ነገር አይጸጸቱም?» አለች።

«አንድ ነገር ይጸጽተኛል» አልኳት።

አቀፈችኝ። መዘውሯን ማለቴ መሰላት። እኔም አላረምኳት፤ ለልጅ ልጁ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ያን ዕለት አልጋው አጠገብ አፌን ዘግቼ ቢሆን ኖሮ፣ ወንድሙን እንደ ፈራ ይሞት ነበር።